በ15 ዓመቱ «አይሆንም» የተባለው አጥቂ

ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንወጣ ቀይ እስክሪብቶ በእጃችን ይገባል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላን «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ያኛው ግን የትም አይደርስ» ማለት እንጀምራለን። ለመሆኑ አንድን ልጅ «አይሆንም» ለማለት ምን ያህል እናውቃለን? ለዚህ ጥያቄ እንዲረዳን ዛሬ ከኳስ ሜዳ አንድ ምሳሌ እናንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሪኪ ላምበርት በ1982 በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በከርክቢ ተወለደ። በ10 ዓመቱ የሊቨርፑል ክለብ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ገባ፤ በ15 ዓመቱ አሰናበቱት። ቀጥሎ ብላክፑል ተቀበለው፤ እዚያም ብዙ ሳይቆይ በ2000 ተሰናበተ። ክለብ ባጣበት ጊዜ በአንድ የቀይ ሥር ፋብሪካ የጠርሙስ ክዳን እየገጠመ የዕለት ጉርሱን ያገኝ ነበር።

በ2001 በአራተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው ማክልስፊልድ ወሰደው። በ2002 ወደ 300 ሺህ ፓውንድ ተከፍሎበት ወደ ስቶክፖርት፣ በ2005 ወደ ሮችዴል፣ በ2006 በ200 ሺህ ፓውንድ ወደ ብሪስቶል ሮቨርስ ተዛወረ። ዋጋው እንኳ እንደ ፈተና ውጤት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከክለብ ክለብ እየዞሩ በሙያቸው ከሚያድሩት ብዙ ተጫዋቾች አንዱ ነበር ማለት ነው። ሩጫው ፈጣን አልነበረም። ሆኖም በ2008/09 የውድድር ዘመን በሦስተኛው ዲቪዚዮን 29 ጎል አገባ።

በ2009 ሳውዝሃምፕተን ገዛው። አሠልጣኙ አለን ፓርዲው ውፍረቱን እንዲቀንስ፣ ከዚያም በላይ መድረስ እንደሚችል ፊት ለፊት ነገሩት። እሱም ሰማ። ክለቡ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው፣ በ2012 ደግሞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲወጣ ዋናው ጎል አግቢ ላምበርት ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ በ235 ጨዋታ 117 ጎል አስቆጠረ።

ነሐሴ 2013 እንግሊዝ ከስኮትላንድ ጋር በዌምብሌይ ስትጫወት ላምበርት 31 ዓመቱ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ ገባና መጀመሪያ የነካትን ኳስ በቴስታ ከመረብ አሳረፋት። እንግሊዝ 3 ለ 2 አሸነፈች። በ2014 ያሰናበተው ሊቨርፑል ራሱ መልሶ ገዛው።

ታሪኩ ግን እንደ ተረት አላለቀም። በሊቨርፑል አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ቆየ፤ በሊጉ ያገባው ሁለት ጎል ነው። ከዚያ በዌስት ብሮሚችና በካርዲፍ ተጫውቶ በ2017 ጫማውን ሰቀለ።

እንግዲህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምን ትምህርት አለው?

አንደኛ፣ በ15 ዓመቱ ያዩት ሰዎች ያዩት ነገር ሐሰት ላይሆን ይችላል። ፍጥነት ጎድሎት ከሆነ፣ ፍጥነት በኋላም አልመጣለትም። ነገር ግን ያዩት የዚያን ቀኑን ልጅ ነው። ውጤት ልጁ እስከዚያ ቀን የሠራውን ይናገራል እንጂ የነገውን አይናገርም።

ሁለተኛ፣ የታችኞቹ ዲቪዚዮኖች በር ባይከፍቱለት ኖሮ ሥራው እዚያው ፋብሪካ ይቀር ነበር። ልጅ ሲወድቅ የሚደግምበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ አሠልጣኙ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለው ብቻ አላለፉትም፤ የጎደለውን ነገር ለይተው ነገሩት። «ሰነፍ» ማለትም እኮ ምንም አያስተምርም። ልጁ ማረም የሚችለውን ስንነግረው ነው መምህር የምንሆነው።

ከተሰናበቱት ልጆች ብዙዎቹ ወደ ላይ እንደማይመለሱ እናውቃለን። ለሁሉም ተማሪ ዌምብሌይን ቃል አንገባም። ቢሆንም የትኛው ላምበርት እንደሆነ ለይተን ስለማናውቅ፣ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ከቀይ እስክሪብቶአችን እናውጣው።

ለውይይት፦ እኛስ በልጅነታችን «አይሆንም» የተባልንበት ትምህርት የትኛው ነበር? ያለንስ ማን ነበር?