አንዳንዴ እምቢ የምትል መኪና

ጨርሶ የቆመች መኪና ብዙም አታስቸግርም፤ የሞተው ባትሪ ወይም የተቃጠለው ፊውዝ ሲፈለግ ይገኛል። ሰው የምታደክመው ሌላኛዋ ናት። ጠዋት ቁልፍ እንደነካት የምትነሳ፣ እኩለ ቀን ላይ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ድምጿን የምታጠፋ፣ ተገፍታ ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች የምትነሳዋ። ኤሌክትሪሻኑ «ምንም የላትም» ይላል። እውነቱን ነው፤ በዚያች ሰዓት ምንም የላትም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ ዲኤክስ ኮሮላዎች ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከባለቤቶቻቸው ብዙዎቹ የምናገረውን ያውቁታል። ለእነሱና ለመሰሎቻቸው በሙሉ ልብ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ይህ ብልሽት ይገኛል። የሚያገኘውም ከእርስዎ የተለየ ተሰጥዖ ያለው ሰው አይደለም። ታግሶ የተመለከተ፣ ያየውን የጻፈና ሳይለካ ዕቃ ያልቀየረ ሰው ያገኘዋል።

ግምት በጣም የሚጎዳው ትክክል የመሰለ ጊዜ ነው። ባትሪ ይቀየርና መኪናዋ ለሁለት ሳምንት ያለ ችግር ትነሳለች፤ ባለቤቱ ተገላገልኩ ይላል። ችግሩ ግን የነበረው ባትሪው ራስ ላይ የሚታሰረው የሽቦ መያዣ ጋ ነው፤ ባትሪው ሲቀየር መያዣው ተፈትቶ እንደገና ስለታሰረ ለጊዜው ተሻለው። ዝገቱ ሲመለስ ችግሩም ይመለሳል። ያኔ ተረኛው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይሆናል፤ ሰውየው ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይወርዳል፣ ገንዘቡም አብሮት ይወርዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ እስክሪብቶና ደብተር ነው። እምቢ ባለች ቁጥር እዚያው ቆመው ይጻፉ። ሰዓቱን፣ ሞተሩ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ዝናብ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ከቆመች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት፣ የሰሙትን ድምፅ፣ የዳሽቦርዱ መብራት መፍዘዝ አለመፍዘዙን። ጥቂት ገጽ ሲሞላ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ የመሰለዎት ነገር የራሱ ሰዓትና ልማድ እንዳለው ያያሉ። ሁልጊዜ ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ ነው? መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ ደካማው ቦታ ያኔ ይጋለጣል። ሁልጊዜ ቆማ ስታድር ነው? እንግዲያው ባትሪውን፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ኃይል የሚመጥጥ ነገር ካለ እሱን ይጠርጥሩ።

ድምፅም ብዙ ይናገራል። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ከተንጣጣና መብራቱ ከፈዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም መያዣው ላልቷል። መብራቱ ሳይፈዝ አንዴ ብቻ ጠንከር ያለ ጠቅታ ተሰምቶ ዝም ካለ፣ ወደ ሞተሪኖው ይሂዱ። በብዙ የቶዮታ ሞተሪኖዎች ሶሌኖይዱ (ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው ማብሪያ) ውስጥ ያሉት ትንንሽ የመዳብ መገናኛዎች ከአገልግሎት ብዛት ይበላሉ፤ አንድ ጊዜ ይነካካሉ፣ ሌላ ጊዜ ሳይነካኩ ይቀራሉ። መገናኛዎቹን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛትም ይቀላል። መብራቱ ደማቅ ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው፣ በአውቶማቲክ መኪና ላይ ደግሞ ከማርሹ ጋር የተያያዘው የደህንነት ማብሪያ ይጠረጠራሉ። ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ እምቢ ያለች መኪና ኤን ላይ ከተነሳች፣ አንድ ብር ሳያወጡ ትልቅ ፍንጭ አገኙ።

ከዚያ ልኬት ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ይሄ የኤሌክትሪሻን ነው» ብሎ ያፈገፍጋል፤ እባክዎ አያፈግፍጉ። ተራ ቴስተር ይበቃል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12.0 ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካልሆነ ዲናሞው በደንብ እየሞላው አይደለም። ቀጥሎ ማርሽ አውጥተው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም።

እዚህ ድረስ ደህና ከሆነ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ፈተና ይቀጥላል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ወፍራሙ ሽቦ ሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ቦታ አድርገው ቁልፉን ያስዞሩ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ በዚያ መንገድ ላይ ኃይል እየባከነ ነው። በኔጌቲቭ በኩል፣ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሩ አካል ያለው፣ ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ይኸኛው ወገን አብዝቶ ይረሳል፤ ሞተሩን ከኔጌቲቩና ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከሥር ዝጎ ለዓመታት ማንም ላያየው ይችላል።

ዓይን ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ሒሳቡ ይነግረናል። ሞተሪኖው 150 አምፔር ይስባል እንበል። በመንገዱ ላይ የኦም አንድ መቶኛ የምታህል እንቅፋት ብትኖር 1.5 ቮልት ትበላበታለች። ጥቂት አምፔር ብቻ ለሚስበው የፊት መብራት ግን ያው መንገድ ይበቃዋል። መብራቱ ስለበራ ብቻ ሽቦው ደህና ነው የሚለው ድምዳሜ ስንቱን ሰው ያሳሳተው በዚህ ነው።

የዛገ መያዣ ካገኙ ኔጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፣ ሲመልሱ በመጨረሻ ይሰሩት። ነጭና አረንጓዴውን ዱቄት ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍገው፣ ጥብቅ አድርገው ካሰሩት በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ ሲጋራና ብልጭታ አያቅርቡ። በአንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይንኩ፤ ሦስት ነገር አብረው ከነኩ የትኛው እንዳዳናት መቼም አያውቁም።

ይህን መኪና ላይ የለመደ ሰው ሌላም ቦታ ይጠቅመዋል። ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ አንዱን ሳምንት እሳት ሆኖ ያጠናል፤ ሌላውን ሳምንት ደብተር መግለጥ ያቅተውና «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ይደመድማል። ሳይለኩ ሞተሪኖ መቀየር ይሉታል ይህን። ባቃተው ቀን ዋዜማ ስንት ሰዓት ተኛ? ምሳ በልቶ ነበር? ስልኩ የት ተቀምጦ ነበር? ለጥቂት ሳምንት ይጻፈው። ስንፍና ብሎ የፈረደበት ነገር የእንቅልፍ እጦት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ እንቅልፍ ደግሞ ይስተካከላል።

ሞተሪኖ ማውረድ የእርስዎ ሥራ ላይሆን ይችላል፤ ባለሙያ አለለት። ጋራዥ ሲሄዱ ግን «አንዳንዴ አትነሳም» ብለው አይቁሙ። «ወንድሜ፣ ስትሞቅ ብቻ ነው። ሞተሪኖው ማዞር ይከብደዋል፣ መብራት አይፈዝም፣ በኔጌቲቭ በኩል 0.7 ቮልት ይባክናል» ይበሉት። ቀና ብሎ ያይዎታል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራውን አብራችሁ ትሠሩታላችሁ። ተሠርታ ሲረከቧትም አንዴ ስለተነሳች ብቻ አይመኗት። በሙቀት የምትታመም ከነበረች ረጅም መንገድ ይንዷት፣ ያጥፏት፣ ጥቂት ጠብቀው ያስነሷት፤ ይህንንም ደጋግመው ያድርጉ። ልኬቱንም በሙቀቷ ይድገሙት። 0.7 የነበረው 0.1 ሆኖ ካገኙት፣ ቤተሰብዎን ጭነው ያለ ስጋት ክፍለ ሀገር ይውጡባት።