የመንጠቆው ቁጥርና የዓሣው አፍ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ በኩል፣ ለቤትና ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የወጣባቸው ካባዎች አሉ። ክረምት ሲገባ አንዳንዱ ካባ ውኃ ያቁራል። ብዙው በበጋ ይደርቃል። ሳይደርቅ የሚከርም ካለ ግን ዓሣ ሊለቀቅበት ይችላል። ዛሬ የምናነበው ከእንዲህ ያለው ውኃ በመንጠቆ ዓሣ ስለ ማውጣት ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። መንጠቆ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። በአንዱ ወረቀት ላይ 1፣ በሌላው ላይ 10 ተጽፏል። «ዓሣው ትንሽ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይሻለኛል» ብዬ 1 ቁጥርን ገዛሁ። ካርፕ የሚባል ዓሣ ከተለቀቀበት ካባ ዳር ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥኩ። ሊጡ ይበላል፤ ዓሣው ግን አይያዝም። ከብት ሊያጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ መንጠቆዬን አዩና፣

«ልጄ፣ ይህ እኮ ከዓሣው አፍ ይበልጣል። እንዴት አድርጎ ይጉረሰው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ቁጥሩ እኮ 1 ነው» አልኳቸው።

«እኔ ቁጥሩን መች አየሁ? አፉን ነው ያየሁት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቁጥሩን ማንበብ ችያለሁ፤ ትርጉሙን ግን አልጠየቅሁም። የመንጠቆ ቁጥር የሚነበበው በተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ስለዚህ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያንሳል፤ 12 ቁጥር ደግሞ ከ10 ያንሳል።

ዓሣውን ማወቅ

በእንግሊዝ አገር ጠጠርና አሸዋ የተቆፈረባቸው ብዙ ጉድጓዶች ውኃ ሞልተው ሐይቅ ሆነዋል። እዚያ ከሚጠመዱት ዓሦች አንዱ ቴንች ይባላል። መልኩ አረንጓዴ፣ ዓይኑ ቀይ፣ ቆዳው የሚያሟልጭ ነው። የረጋ ውኃና ጭቃ ይወዳል። እኛ ዘንድ የሚገኘው ካርፕ የቴንች ዘመድ ነው። ካርፕ ከውጭ አገር መጥቶ ዛሬ በቆቃ ውኃም ይጠመዳል።

ሪዛቸውን ቁጠሩ። ቴንች 2፣ ካርፕ 4፣ አምባዛ 8 ሪዝ አለው። ሪዙ ለጌጥ አይደለም። ዓሣው በጨለማና በድፍርስ ውኃ ውስጥ ጭቃውን የሚዳስስበት ነው። ስለዚህ የእነዚህ ዓሦች ምግብ ብዙ ጊዜ ያለው ከውኃው ወለል ላይ ነው። መንጠቋችሁም እዚያው መድረስ አለበት።

ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱም ብርቱ ነው። በእንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ቆሮሶ አያድግም። ካርፕ ግን ብርዱን ይችላል።

ዕቃውን መምረጥ

መንጠቆ፦ ለትንሽ ዓሣ 10 ወይም 12 ቁጥር ያዙ። ከፍ ላለው 6 ወይም 8 ይሆናል። አምባዛ አፈ ሰፊ ስለሆነ ትልቅ መንጠቆ ይፈልጋል።

ክር፦ የናይለን ክር ጥሩ ነው። በመጠቅለያው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፏል፤ አንብቡት። ለካርፕም ለቴንችም ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚችል ይበቃል። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲሳብ ይግልና ይደክማል። የተበጠሰ ክር ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ የከብትና የወፍ እግር ይተበትባል።

ዘንግ፦ ሽመል ካገኛችሁ እሱ ይመረጣል። ቀላል ነው፤ ይተጣጠፋል። ካጣችሁ ቀጭን የባሕር ዛፍ ማገር ልጣችሁ አድርቁ።

ቡሽና ክብደት፦ ቡሽ ከሌለ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ክሩን ወደ ታች የሚጎትት አሮጌ ዳዶ ወይም ትንሽ ድንጋይ እሰሩ። እርሳስ የምታስሩ ከሆነ በጥርስ አትንከሱት፤ መርዝ ነው። መጀመሪያ ክብደቱን ብቻ ወደ ውኃው አውርዱ። ወለሉን ሲነካ ክሩ ይላላል። ቡሹን እዚያ ልክ ላይ እሰሩ። አሁን መንጠቋችሁ ከወለሉ ይደርሳል።

ምግቡን መምረጥ

ከሁሉ የሚሻለው የምድር ትል ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ከፍግ ሥርና ከእርጥብ አፈር ይገኛል። ጨው የሌለው ጠንከር ያለ ሊጥም ይሆናል። የበቆሎ ንፍሮም ዓሣው ይወዳል፤ በደንብ ይቀቀል። ከመንጠቆው የሚያንሰውን ሳይሆን መንጠቆውን የሚሸፍነውን ያህል አድርጉ፤ ጫፉ ብቻ ብቅ ይበል።

ከዋዜማው አንድ እፍኝ ንፍሮ በምታጠምዱበት ቦታ ብትበትኑ ዓሣው ቦታውን ይለምዳል። ከአንድ እፍኝ አትለፉ። ያልተበላ እህል ይበሰብስና ውኃውን ያበላሻል። ለሰው የሚጎድል እህልም ለዓሣ አይበተንም።

በሙቅ ወራት ማለዳና ማታ ጥሩ ነው። በውርጭ ወራት ግን ፀሐይ ውኃውን እስክታሞቅ ጠብቁ። ከወለሉ ትናንሽ አረፋ ሲወጣ ብታዩ ዓሣው ጭቃውን እየቆፈረ ሊሆን ይችላል። መንጠቋችሁን ከዚያ አጠገብ ጣሉ።

ብርብራ ወይስ መንጠቆ?

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ብርብራ ወቅጠን ብንጨምር አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። በብርብራ ዓሣ ማደንዘዝ በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። ነገር ግን ብርብራ አይመርጥም። ትልቁንም፣ ጫጩቱንም፣ እንቁላል የያዘችውንም ይፈጃል። ካባ ደግሞ እንደ ወንዝ አይደለም፤ የገባበት መርዝ የሚወጣበት የለውም። አንድ ቀን ትበላላችሁ፤ በዓመቱ ባዶ ውኃ ታያላችሁ። መንጠቆ ግን ይመርጣል። ትንሹ ቢያዝ እጃችሁን አርጥባችሁ አላቁትና መልሱት። ለከርሞ ያድጋል።

ከዓሣው በላይ

የካባ ዳር ገደል ነው። እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ አንድ እርምጃ ከመሬት፣ ሁለተኛው ከጥልቁ ነው። በክረምት አፈሩ ይናዳል። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። ረጅም ገመድ ያዙ። ሕፃን ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ዋና እንዲማርበትም አትፍቀዱ። ሰው ቢገባ ዘላችሁ አትግቡ፤ ገመድ ወይም ዘንግ ወርውሩለት። መንጠቆ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። ልጅ ግን ከሱቅ አይገዛም።

ጥያቄዎች

1. ከ6 ቁጥርና ከ12 ቁጥር መንጠቆ የትኛው ይበልጣል?
2. ካርፕ ስንት ሪዝ አለው? ሪዙስ ለምን ይጠቅመዋል?
3. ቆሮሶ በእንጦጦ ውኃ የማያድገው ለምንድን ነው?
4. ብርብራ በካባ ውኃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው?
5. በሰፈራችሁ ውኃ ያቆረ ካባ ካለ፣ ልጆች እንዳይገቡበት ምን ማድረግ ይቻላል? ተወያዩና መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።