ፓስታ በቦሎቄ፦ ቶሎ የሚደርስ የጣልያን እራት

ጣልያኖች «ፓስታ ኤ ፋጆሊ» የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ፓስታና ቦሎቄ ማለት ነው። ቦሎቄን «የድኃ ሥጋ» ይሉታል። የቶስካና ሰዎችማ ከመውደዳቸው የተነሣ «ማንጃፋጆሊ»፣ ማለት ቦሎቄ በላተኞች፣ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። በአገሩ አንዳንዱ የአሳማ ስብ ይጨምርበታል፣ ከላይም ፎርማጆ ይፈገፍግበታል። እኛ ሁለቱንም ትተን የጾሙን እንመለከታለን።

«ቶሎ የሚደርስ» ያልነው ቦሎቄው ቀድሞ ከተቀቀለ ነው። ደረቅ ቦሎቄ እንኳን በግማሽ ሰዓት በሁለት ሰዓትም እምቢ የሚል አለ። ስለዚህ ሥራው ከዋዜማው ይጀመራል። ለአራት ሰው ሁለት ብርጭቆ ቦሎቄ ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል። በማግሥቱ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይጣዳል።

እዚህ ላይ ሳይንሱን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። በጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ በቀዩ ውስጥ፣ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለ። አራት አምስት ፍሬ ጥሬውን የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል። መርዙን የሚያጠፋው በደንብ መፍላት ነው። ሳይፈላ በዝግታ ብቻ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬውም ሊብስ ይችላል። ደሞ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደጋ የሚመደብ መምህር ቦሎቄው አልበስል ቢለው እንጨቱን ከመውቀሱ በፊት ከፍታውን ያስብ። እየተፍለቀለቀ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፍላ፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ማብሰል ነው። መሐሉ ጠጠር ካለ ተመልሶ ይጣድ። ቲማቲም ቀድሞ ከገባ አሲዱ ቦሎቄው እንዳይለሰልስ ያደርገዋልና ቦታው ኋላ ነው።

«ድስት የሴት ነው» የሚሉ ወንድ ሠልጣኞች ገጠር ሲመደቡ ማን እንደሚቀቅልላቸው ይንገሩን!

እራቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት በሦስት ማንኪያ ዘይት ይቁላላ፤ እንደ ወጥ እስኪጠቁር አይደለም፣ ከለሰለሰ ይበቃል። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይከተላሉ። ከዚያ ሦስት የተከተፈ ቲማቲም፣ ወይም አንድ ማንኪያ ሳልሳ በትንሽ ውኃ ተበጥብጦ ይጨመርና አሥር ደቂቃ ይብሰል። ይሄ ሱጎ ነው። (ፓስታ፣ ሱጎ፣ ሳልሳ፣ ፎርማጆ ሁሉም ከጣልያንኛ ወደ እኛ የገቡ ቃላት ናቸው፤ ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።) ቦሎቄው ከነመረቁ ሱጎው ላይ ይገለበጣል። አንድ ጭልፋ ያህሉን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጦ መመለስ ነው፤ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ፓስቲኒ ወይም መኮረኒ፣ ሩብ ኪሎ ያልሞላ፣ ለብቻው ሳይቀቀል እዚያው ድስት ውስጥ ይገባል። ታች እንዳይዝ እያማሰሉ፣ መረቁ ሲያንስ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃዋል። በርበሬ የጨመረበት ሰው ወጥ ሠራ እንጂ የጣልያን እራት ሠራ አንለውም።

ስለ ምግብነቱ፣ በስንዴ ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን በቦሎቄ ውስጥ በብዛት አለ፤ በቦሎቄ ውስጥ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ ስንዴው ያሟላል። እንጀራ በሽሮ የምንበላውም በዚሁ መንገድ ነው፣ እህልና ጥራጥሬን አገናኝተን። ለነገሩ ቦሎቄም ሆነ ቲማቲም የጣልያን ተወላጆች አይደሉም፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ከአሜሪካ አህጉር የሄዱ ናቸው።

ፓስታው የገባበት ምግብ ካደረ መረቁን ሁሉ ጠጥቶ ይጠጥራል። ለነገም የሚሆን ቦሎቄ የቀቀለ ሰው ፓስታው ሳይገባ ቀንሶ፣ ከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጥ፤ በማግሥቱ ደግሞ አፍልቶ ይጠቀምበት።