ሰነድ ለመላክ የትኛው ቪፒኤን ይታመናል?

ጥያቄ፦ መተማ ዮሐንስ የምኖር የሰሊጥ ነጋዴ ነኝ። የውልና የባንክ ሰነዶችን አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞቼ በስልኬ እልካለሁ። ምስጢሬን የሚጠብቅልኝ የትኛው ቪፒኤን ነው?

መልስ፦ ብዙዎቻችን ቪፒኤንን የለመድነው በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክና ቴሌግራም በተዘጉ ጊዜ ነው። ያኔ የተፈለገው መክፈቱ ብቻ ነበር። ምስጢር ሲፈለግ ግን ዋናው ጥያቄ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው፤ ከቴሌኮሙ የሰወሩትን መረጃ ለእሱ አደራ ይሰጣሉና።

አንደኛ፣ የተጠቃሚን እንቅስቃሴ እንደማይመዘግብ በገለልተኛ ባለሙያ ያስፈተሸውን ይምረጡ። የስዊድኑ ሙልቫድ ሲመዘገቡ ኢሜይል እንኳ አይጠይቅም፤ በሚያዝያ 2015 ፖሊስ ቢሮውን ሊፈትሽ መጥቶ የደንበኛ መረጃ ሳይዝ ተመልሷል።

ሁለተኛ፣ ገቢው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ነጻ አገልግሎቱን የሚደጉመው ከፋይ ደንበኞቹ በሚከፍሉት ነው። ሆላ በአንጻሩ የነጻ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች እንደሚሸጥ በ2007 ዓ.ም. ተጋልጧል።

ሦስተኛ፣ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱንም አብሮ የሚያቆም መቼት ይኑረው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ወሳኝ ነው።

ቪፒኤን ሰነዱን ተቀባዩ ስልክ ላይ ከደረሰ በኋላ አይጠብቅም። ስለዚህ ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፈው ይላኩ፤ ይለፍ ቃሉን ደውለው ይንገሩ። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል እንደታየው ኢንተርኔት ጨርሶ ሲዘጋም ቪፒኤን አይሠራምና የውሉ የወረቀት ቅጂ ከእጅዎ አይጥፋ።