በድኑን አትንኩ፣ መርዶውን አታዘግዩ

አንድ ቀይ ቀበሮ ሜዳ ላይ ሞቶ ቢገኝ ዕድሜው ደርሶ ይሆናል፣ ከሌላ ጋር ተናክሶ ይሆናል፤ ማንም ብዙ አይጨነቅም። በአንድ ሸለቆ ያለው መንጋ ተከታትሎ ሲረግፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ሸለቆ የሆነው ይኸው ነበር። ከሸለቆው ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ገዳዩ የእብድ ውሻ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዎች በሽታው ሊሻገርባቸው በሚችሉ መተላለፊያዎች የሚኖሩ ሰባ ያህል ቀበሮዎችን እየያዙ ከተቡ፤ እልቂቱም ወደቀሩት የፓርኩ ክፍሎች ሳይዛመት ቆመ።

ይህ የተቻለው ወሬው በጊዜ ስለደረሰ ነው። «ምስጢራዊ እልቂት» እየተባለ የሚወራው ነገር ብዙውን ጊዜ ምስጢር ሆኖ የሚቀረው ባለሙያው ዘግይቶ ስለሚጠራ ነው። ጅብ ከበላው፣ ፀሐይ ካደረቀው በኋላ የሚደርስ የእንስሳት ሐኪም አጥንት እንጂ መልስ አያገኝም። ስለዚህ ይህ ማሳሰቢያ በፓርክና በጥብቅ ደን ዙሪያ ለምትኖሩ፣ ከብት ለምታግዱ፣ በዚያ ለምታልፉ ሾፌሮችና አስጎብኚዎች፣ ስልክ ይዛችሁ ሽርሽር ለምትወጡ የከተማ ሰዎችም ነው።

አትንኩ፣ አትግፈፉ፣ አትብሉ።

ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣ፣ ሆዱ ቶሎ የተነፋ፣ እግሩ እንደ ሌላው በድን ያልገተረ እንስሳ ካያችሁ አባ ሰንጋን ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አባ ሰንጋ ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ የዱር እንስሳት ፈጅቷል፤ ክፉኛ የተመታው አምባራይሌ ነበር። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ከሞት በኋላ ነው። ተሕዋሱ በተዘጋው በድን ውስጥ እንዳለ ቢቀር አብሮ የመበስበስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቢላዋ ሆዱን ሲከፍተውና አየር ሲያገኘው ግን ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ አፈር ውስጥ ይገባና ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዛሬ ለቆዳው ሲባል የተገፈፈ አንድ አጋዘን ያንን ግጦሽ ለልጅ ልጅ ከብት መርዝ አድርጎት ሊቀር ይችላል።

«ጥሬውን ካልበላሁት ምን አለበት» የሚል አይጠፋም። አለበት። ሥጋውን የገፈፈው፣ የቆረጠው፣ የተሸከመው ሁሉ እጁን ለበሽታው ሰጥቷል፤ የወጥ ድስትም ያንን ቅርፊት ሁልጊዜ አያሸንፈውም። ሰው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያሳክክ እብጠት ይሆናል፤ ቀጥሎ መሃሉ የጠቆረ ቁስል ይሆናል። ቁስሉ ስለማያም ይናቃል። አትናቁት፤ በጊዜ ጤና ጣቢያ ለሄደ ሰው የሚያድን መድኃኒት አለ። በድርቅ ዓመት፣ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ በሌለበት፣ የወደቀ ሥጋ ትቶ ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ቢሆንም ቃሉ አይለወጥም።

እሾህ ቁረጡና ክበቡት።

ውሻ፣ ጅብና ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያውን በእሾህ እጠሩ። ወደ ወንዝ አትጎትቱት። ሽታው ቢያስቸግርም ባለሙያ ሳያየው ለመቅበርም ሆነ ለማቃጠል አትቸኩሉ፤ መቀበር ካለበት ጥልቀቱንና የሚነሰነሰውን ኖራ እነሱ ይነግሯችኋል። ከብቶቻችሁን ከዚያ ግጦሽ አርቁ።

ዛሬውኑ ተናገሩ፤ ስትናገሩም በዝርዝር።

ለቅርቡ የፓርክ ስካውት፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት። «እንስሳ እያለቀ ነው» ብቻ ማለት ማንንም ከወንበሩ አያስነሣም። የምን እንስሳ ነው? ስንት ናቸው? ትልልቆቹ ብቻ ናቸው ወይስ ግልገሎቹም? የት ቦታ፣ ከየትኛው ምንጭ ወይም ወንዝ አጠገብ? ቀንዱ ወይም ጥርሱ ተቆርጧል? ከመሞቱ በፊት ሲንገዳገድ፣ ሲለሃጭ፣ ያለ ፍርሃት ወደ ሰው ሲመጣ ያየው አለ? ርቃችሁ ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከበድኑ በተጨማሪ አካባቢውንም አንሡት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ዝንቡን ተመልከቱ። ትኩስ በድን ላይ ዝንብ መውረሩ የተለመደ ነው። ዝንቦቹ ራሳቸው እዚያው ሞተው ከረገፉ፣ ወይም ጥንብ አንሳዎች በበድኑ ዙሪያ ክንፋቸውን ዘርግተው ከወደቁ፣ እዚያ ያለው መርዝ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ በባዶ እጅ ምንም አትንኩ፤ ልጆችንም አርቁ።

መርዝ አታኑሩ።

ጅብ ጥጃ በላ፣ አንበሳ በሬ ጣለ ብሎ የተረፈው ሥጋ ላይ የተባይ ማጥፊያ የሚነሰንስ ሰው ቂሙን የሚወጣው በአንድ አውሬ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ አዳኞች ሦስት ዝሆኖች ገድለው በድኑን መረዙት፤ 537 ጥንብ አንሳዎች በአንድ ቦታ አለቁ። በከተሞቻችንም ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ የማስወገድ የቆየ ልማድ አለ። መርዙ ውሻው ሆድ ውስጥ አይቀርም፤ ውሻውን የበላው ይበላዋል።

ጥንብ አንሳ መልኩም ስሙም ስለማያምር የሚያዝንለት ጥቂት ነው። በበኩሌ ለእኛ የሚሠራው ሥራ ከብዙ መሥሪያ ቤት ይበልጣል እላለሁ። በሕንድና በጎረቤቶቿ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን እያለቁ ሳለ ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። መልሱ በ2004 ሲወጣ ዳይክሎፌናክ ሆነ። ይህ እኛም ለወገብ ሕመም የምንውጠው ማስታገሻ ነው። የታመመ ከብት በእሱ ይታከማል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ሥጋውን የበላው ወፍ ኩላሊቱ ይቆማል። ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለች። እስከዚያው ግን ወፎቹ ይበሉት የነበረውን ጥንብ ውሾች ወርሰውት ነበር፤ ውሻው በዛ፣ የሚነከሰውም ሰው በዛ። ስለዚህ ከብት የምታስታክሙ ሰዎች የእንስሳት ሐኪሙን «ሜሎክሲካም የለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱም ሕመም ያስታግሳል፣ ጥንብ አንሳንም አይገድልም።

ውሻችሁን አስከትቡ።

ወደ ባሌ ልመለስ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ለብቻው ነው፤ ፍልፈልና አይጥ ለመያዝ ጓደኛ አያስፈልገውም። ጠዋትና ማታ ግን መንጋው ይሰበሰባል፤ ይተሻሻል፣ ይላላሳል። አንዱ በሽታ ይዞ ከመጣ በዚያው ሰላምታ ሁሉም ይካፈሉታል። በሽታው የሚመጣውም ከሰው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 መጣ፣ በ2003 መጣ፣ በ2008 እና በ2014 ተመለሰ። ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም በ2005፣ በ2010 እና በ2015 ገብቶ ፈጅቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል፤ ደግ ሥራ ነው። ግን ከብቱን ከጅብና ከነብር እንዲጠብቅ ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ ሳይከተብ ከቀረ ሥራው የቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አንድም የለም።

ክትባቱ ለእናንተም ነው። ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡና ወዲያውኑ ጤና ተቋም ሂዱ። መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር አትበሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

«ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» አትበሉ።

ወይም በሉ፤ ግን ናሙናው ከተወሰደ በኋላ። በአሜሪካ አርካንሳስ፣ ቢቢ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የዘመን መለወጫ ሌሊት አምስት ሺህ ያህል ወፎች ከሰማይ ሲረግፉ ዓለም ሊያልቅ ነው ያለው ሰው ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ምርመራው ያሳየው ርችት ያስበረገጋቸው ወፎች በጨለማ ከቤትና ከዛፍ ጋር እየተጋጩ መሞታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካዛኪስታን ውስጥ ከ200,000 በላይ ሳይጋ የተባሉ ሚዳቋ መሰል እንስሳት በሦስት ሳምንት ገደማ ሲያልቁ ሕዝቡ የሮኬት ነዳጅ ነው አለ። የተገኘው ግን የእኛ አርቢ ጎሮርሳ ብሎ የሚያውቀውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ በጤነኞቹም እንስሳት ውስጥ ይኖር ነበር፤ ያልተለመደ ሙቀትና እርጥበት ሲመጣ ነው የተነሣባቸው። እውነቱ ከሐሜቱ ያላነሰ ያስፈራል። የአየሩ ጠባይ ሲቃወስ ለማዳ የመሰለው ተሕዋስ ይከፋል።

የደም ሥዕልና የለቅሶ ሙዚቃ ለጥፎ ቪዲዮ የሚያሰራጭ ሰው ተፈጥሮን እየረዳ አይደለም። የቦታው ስም በግልጽ ሲወጣ ደግሞ ቀንድና ጥርስ ፈላጊ ይመራበታል። ቪዲዮውን መጀመሪያ ለሚመለከተው ላኩ።

ውኃውን ጠርጥሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በቦትስዋና ኦካቫንጎ አካባቢ 350 ያህል ዝሆኖች ሲሞቱ ጥርሳቸው አልተነካም ነበር፤ ስለዚህ የአዳኝ ሥራ አይደለም ተባለ። በኋላ መንግሥት ያስታወቀው በኩሬ ውኃ ላይ የሚራባ መርዛም አልጌ እንደገደላቸው ነው። የእኛም ሐይቆችና ግድቦች በማዳበሪያ እጣቢ፣ በፍሳሽና በሙቀት አረንጓዴ ቀለም የተነከሩ የሚመስሉበት ጊዜ አለ። ውኃው እንዲህ ሆኖ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ከተንሳፈፈ ዓሣውን ሰብስባችሁ ገበያ አታውጡ፣ ከብት አታጠጡ፣ ልጆች አይዋኙ።

የቀረውን ባጭሩ። የታመመ የዱር ግልገል አዝናችሁ ቤት አታስገቡ። የሞተ ወፍ ልጆች እንዳያነሡ ንገሩ። በድን ያያችሁበትን ጫማ እጠቡ።

በመጨረሻም ለፓርክና ለወረዳ ኃላፊዎች አንድ ቃል አለኝ። ብዙ እረኛ ያየውን የሚደብቀው ግድ ስለሌለው አይደለም፤ «አንተ ነህ የገደልከው» እንዳይባል ፈርቶ ነው። ሊያመለክት የመጣውን ሰው እንደ ተጠርጣሪ አታቁሙት። ስሙን ስትመዘግቡ ስልኩንም መዝግቡ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣም መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።