በጾም ጊዜ ፍሬውን ወይስ ጭማቂውን?



የቆላ ሰው ሁዳዴን የሚጾመው ከረሃብ ጋር ብቻ እየታገለ አይደለም፤ ከፀሐይም ጋር ነው። በአብርሃ ጅራ፣ በአብደራፊ፣ በመተማ በኩል መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ደጋ ያለው ዘመዳችን «ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?» ሲለን «ውሃ ጥሙ እንጂ ጾሙስ ደህና ነው» የምንለው ለዚህ ነው። ታዲያ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ወይ መንገድ ዳር በተከመረው ማንጎ ላይ ነው፣ ወይ ጁስ ቤቱ ላይ ነው።

ጁስ ቤት በየከተማው ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ አንድ ልማድ መጥቷል። ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣቱ፣ ቀኑን ጾሞ ይውልና መፍቻው ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ እስፕሪስ ጠጥቶ ምሳውን እንደ በላ ይቆጥረዋል። ለምን ሲባል «ፍራፍሬ አይደል እንዴ፣ ጤና ነው» ይላል። ፍራፍሬ ጤና መሆኑስ እውነት ነው። ግን ከምን ጋር ቢበላ ነው የሚጠቅመው? ለማንስ ይጎዳል? ይህን ሳይጠይቁ መጠጣት ገንዘብንም ጤናንም ያባክናል።

ፍራፍሬ የጾም ምግብ ስለ መሆኑ ክርክር የለም። ለአዳም መጀመሪያ የተሰጠው መብል እህልና የዛፍ ፍሬ ነበር (ዘፍ. 1፥29)፤ ሥጋ የተፈቀደው ለኖኅ ከጥፋት ውሃ በኋላ ነው (ዘፍ. 9፥3)። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አልቆይበትም፤ ወደ ሰውነታችን ጉዳይ ልግባ።

የቆላ ሰው ጤና ሲነሳ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ደም ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋስን እየሰበረ ይጨርሳል። ባዶ እግር ከሚረገጥ እርጥብ አፈር የሚገባው የአንጀት ትልም ደም ይመጥጣል። በሴቷ ላይ ደግሞ የወር አበባው፣ እርግዝናውና ወሊዱ ይጨመራል። ስትነሳ ያዞራታል፣ ዓይኗ ይጨልማል፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ልቧ ድው ድው ይላል፣ የዓይኗ ቆብ ከውስጥ ሲታይ ነጥቷል። ጎረቤት ምን ይላል? «ጾሙ ነው የጎዳት።» ብዙ ጊዜ ግን ደሟ ያነሰው ከጾሙ በፊት ነው፤ ጾሙ የነበረውን ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

የጾም ገበታችን ለደም የሚሆን ነገር አላጣም። ጤፉ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ አገሩ የሚታወቅበት ሰሊጡም አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን አላቸው። ችግሩ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን አንጀታችን እንደ ሥጋው በቀላሉ አይቀበለውም፤ አብዛኛው እንደ ገባ ይወጣል። የሊጡ መቡካት ትንሽ ያግዛል። ከሁሉ የሚያግዘው ግን ቫይታሚን ሲ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚገኘው ከትኩስ ፍራፍሬና ከአትክልት ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ሁሉም አላቸው። ዘይቱንን ሰው ይንቃታል፤ ነገር ግን 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሲኖረው ብርቱካን ያለው 50 ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፍሬው የሚያግዘው በዚያው ገበታ ላይ ሲገኝ ነው። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ምስር አይደርስለትም። ስለዚህ ሎሚውን ምስሩ ወይም ሰላጣው ላይ ጨመቅ ማድረግ፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ከእንጀራው ጋር ማቅረብ፣ ከተገኘም ዘይቱኗን ወይም ብርቱካኑን ምግቡ ላይ እንዳሉ መብላት ነው። ሎሚ ወጡ እሳት ላይ እያለ አይጨመቅም፤ ሙቀት ቫይታሚኑን ያጠፋዋል። ከወረደ በኋላ፣ ሳህን ላይ ሲሆን ነው።

ይህን ሁሉ ደክመን የምናፈርሰው ደግሞ በምን ይመስላችኋል? በሻይና በቡና። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህሉ የሚገኘውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊያስቀር ይችላል፤ ቡናም ይቀንሳል። እኛ ደግሞ እጃችንን ሳንታጠብ ጀበናው ይጣዳል። ቡናውን ተዉት ማለቴ አይደለም፣ ብልስ ማን ይሰማኛል! ግን ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ይህች አንድ ሰዓት ለነፍሰ ጡሯና ለምታጠባዋ እናት ትልቅ ነገር ናት። ደሟ በምርመራ አንሶ የተገኘ ግን በሎሚ ብቻ አትዳንም። ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ክኒን ትውሰድ፤ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቷ ጋር ትማከር። ክኒኑንም በሻይ ሳይሆን በውሃ ወይም በሎሚ ውሃ ትዋጠው።

ቫይታሚን ሲ ጨርሶ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ መርከበኞች በሕይወታቸው አይተውታል። ወራት ሙሉ ደረቅ ብስኩትና በጨው የደረቀ ሥጋ ሲበሉ ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ ያልቁ ነበር። በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው፤ በቶሎ የተነሡት ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ነበሩ። እኛ ሎሚው ደጃችን ላይ እያለ ነው የምንዘነጋው።

ስለ ማንጎና ፓፓያ ሌላም የምለው አለ። ያ ቢጫ ቀለማቸው በሰውነታችን ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናል። ጀምበር ስትጠልቅ ዕቃ እያደናቀፈው የሚሄድ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳፍንት ነው፣ የቫይታሚን ኤ ማነስ። ቶሎ ካልታከመ ዓይኑን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ዳፍንት ያለበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የሌለበት ደግሞ በማንጎ ወራት ማንጎ ይጥገብ። ግን ይህ ቫይታሚን ትንሽ ቅባት ይፈልጋል። ዘይት ከገባበት ምግብ ጋር ወይም ከዚያ በኋላ የተበላ ማንጎ ባዶ ሆድ ከተበላው የበለጠ ይጠቅማል፤ የሰሊጥ ዘይት ቢሆን እሰየው። ሰሊጡን ለውጭ ገበያ ሸጠን ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት የምንገዛ ሰዎች መሆናችን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ከሰባት ዓመት በታች ባለ ሕፃን ላይ ጾም አልተጣለም። ስድስት ወር ያልሞላው ደግሞ ከእናቱ ጡት በቀር ጁስም ውሃም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ የበሰለ ማንጎ ወይም ፓፓያ በንጹሕ ማንኪያ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ይሰጠው።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንምጣ። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት ያህል ብርቱካን ይገባል። ሦስት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰው መካከል ላይ ይጠግባል፤ ጭማቂውን ግን በሁለት ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ሲጨመቅ የሚጣለው አሰር ነው፤ ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርገው፣ በሽሮ ሰሞን የምንማረርበትን የሆድ ድርቀትም የሚያላላው እሱ ነበር። የቀረው ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ቢሆን፣ ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ያውም ምንም ሳይጨመርበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ሻይ ውስጥ ከምንጨምረው ጋር አንድ ላይ ቆጥሮታል፤ በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ግን አልቆጠረውም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናትም 187 ሺህ ያህል አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ ፍሬውን የሚበሉት ስኳር በሽታ የሚይዛቸው አነስ ብሎ፣ ጭማቂ የሚያዘወትሩት ግን ከፍ ብሎ አግኝቷል።

በማሽን የሚፈጨው የእኛ ማንጎና አቮካዶ ከተጨመቀው ይሻላል፤ አሰሩ ጨርሶ አልተጣለም። የሚያበላሸው ከላይ የሚጨመረው ስኳርና ቀይ ሽሮፕ ነው። «ስኳር አታድርጊበት፣ እህቴ» ማለት ነውር የለውም። ምግብ ነው ብሎ እንጀራውን መተው ግን ስህተት ነው፤ ባቄላውና ምስሩ የሚሰጡትን ገንቢ ምግብ ማንጎ አይሰጥም።

ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ነገር የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። አንድ የማውቃቸው አባት ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው ሳይበሉ ለቅዳሴ ቆሙ። ወደ ስድስት ሰዓት ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተሳሰረ። ባለቤታቸው ስኳር በውሃ በጥብጠው ቢሰጧቸው ጾሜን አልፈታም ብለው ገፉት። እግዚአብሔር ሲረዳቸው አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች በግድ አጠጧቸውና ተነሡ። በኋላ ለንስሐ አባታቸው «አባ፣ ሰው አስገደደኝ እንጂ እኔስ እጸና ነበር» ሲሉ ቄሱ ምን አሏቸው መሰላችሁ? «ልጄ፣ መድኃኒቱን ውጠሃል አይደል? መድኃኒቱን የዋጠ ምግቡንም ይብላ። እኔ ጹም ያልኩህ እንድትሞት አይደለም።» ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ያዘዘውን የምናውቀው ነው (1ጢሞ. 5፥23)።

ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የምትውጡ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ግን ምክር የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም። ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወዲያው ይጠጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለ ይደገም፣ ከዚያ ምግብ ይከተል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፣ ወደ ሕክምና ይሮጣል። ጁስ ለስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት የሚሆነው በዚህች ሰዓት ነው። በመደበኛው ቀን መፍቻው ላይ ጁስ ይቅርባችሁ፤ ከምግቡ ጋር አንድ ብርቱካን ወይም ግማሽ ማንጎ ይበቃል። ተምርም ቢሆን ጣፋጭነቱ ስኳር ነው፣ ሁለት ፍሬ ቀምሶ መተው ነው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ደግሞ ሙዝና ብርቱካንን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ። ጨጓራ ያለበትም ሎሚን በባዶ ሆዱ አይጀምር፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ እህል ይቅደም።

ፍራፍሬ ውድ ነው፣ ለእኛ አይሆንም የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ከሩቅ የሚመጣው ብርቱካን መንገድ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ሲመጣም ዋጋው አይቀመስም። የቆላው ዛፍ ግን መንገድ አይዘጋበትም። ኩመር አለን። ሱዳኖቹ አራዲብ ይሉታል፤ ገዳሪፍ ደርሶ የመጣ ሁሉ ጠጥቶታል። ፍሬውን ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፎ፣ በእጅ አሽቶ፣ አጥልሎ ቀዝቀዝ ሲል መጠጣት ነው፤ ጥም ይቆርጣል፣ ሆድም ያላላል። ገባ አለ፣ የቁርቁራ ፍሬ። እረኛው ሲቅመው ይውላል፣ አዋቂው ግን የልጅ ነገር አድርጎት ያፍራል። ደርቆም ስለሚቆይ ለጾሙ ይቀመጣል። ወደ ቋራና መተማ የሚበቅለው ባኦባብ፣ ሱዳኖች ተብልዲ የሚሉት፣ ነጩ የፍሬው ዱቄት በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል፤ እነሱ ጎንጎሌዝ ብለው በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። ሐብሐብም ከዘጠና እጁ በላይ ውሃ ነውና በዚህ ፀሐይ ለዋለ ሰው የሚመች ነው። ስኳር አይብዛባቸው እንጂ ከጁስ ቤቱ ብርጭቆ የሚያንሱ አይደሉም።

የመጨረሻው ነገር ውሃው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ መነሣቱን አንረሳም፤ ለፈውስ የተሰበሰበ ሕዝብ ነው የታመመው። ፍራፍሬ ሳይላጥ በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ቢላው በቆሸሸ ልጣጭ ላይ አልፎ ነው ውስጡን የሚቆርጠው። ተቆርጦ ዝንብ ሲያርፍበት የዋለ ሐብሐብ አይገዛ። ጁስ ቤት ስትገቡ በረዶው ከምን ውሃ እንደ ተሠራ ጠይቁ፤ ካላወቁ ያለ በረዶ ይሁን። ኩመሩንና ጎንጎሌዙንም የምትዘፈዝፉበት ውሃ የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ይሁን። ሎሚ ጨምቄበታለሁና ጸድቷል የሚሉ አሉ፤ በሎሚ ብቻ አይታመንም። ውሃው መጀመሪያ ይፍላ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፣ ሎሚው ከዚያ በኋላ ይገባበታል።