በሥዕለ ትንሣኤ ፊት ራስን ማወቅ

በሮም ከተማ፣ የጥንት ክርስቲያኖች ሙታናቸውን በቀበሩባቸው ካታኮምብ በሚባሉት የምድር ውስጥ ዋሻዎች፣ ተመልካቹን የሚያስገርም ሥዕል ይገኛል። በዶሚቲላ፣ እንዲሁም በቅዱሳን ማርቼሊኖና ጴጥሮስ ካታኮምብ ኦርፌዎስ ክራሩን ይዞ ተሥሏል። ኦርፌዎስ ነቢይ ወይም ሐዋርያ አይደለም፤ የግሪክ አረማውያን በተረታቸው የሚያነሡት ዘማሪ ነው። ታዲያ ምእመናን በትንሣኤ ተስፋ ሙታናቸውን ባሳረፉበት ስፍራ እርሱን ስለ ምን ሣሉት?

1. ተረቱና የሰው ልብ ናፍቆት

ተረቱ እንዲህ ነው። የኦርፌዎስ ሚስት ኤውሪዲቄ በእባብ ተነድፋ ሞተች። እርሱም ወደ ሙታን አገር ወርዶ በዜማው የገዢዎቹን ልብ አራራ። ወደ ብርሃን እስኪወጣ ድረስ ዞሮ እንዳያያት ታዝዞ ሚስቱን ተቀበለ፤ ነገር ግን አልታገሠም፤ ዞሮ አያት፤ ዳግመኛም አጣት።

ወደ ጥልቁ ስለ መውረድ የሚናገር ታሪክ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለ። የስዊስ ተወላጅ የሆነው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ዩንግ (1875-1961 እ.ኤ.አ.) በየሕዝቡ ተረት የሚመላለሱትን እንዲህ ያሉ ጥንታዊ አምሳያዎች «አርኬታይፕ» ብሎ ጠራቸው። ዛሬም ብዙዎች በእነዚህ አምሳያዎች ራሳቸውን ለማግኘት ይሻሉ። ናፍቆቱን አንንቅም፤ ሞትን ማሸነፍ የሰው ሁሉ ምኞት ነውና። ሆኖም ሰው በገዛ ኃይሉ ወደ ጥልቁ ቢወርድ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ተረቱ ራሱ ይመሰክራል።

2. ከዘማሪው ወደ መድኃኒት

የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በሁለተኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ገደማ ኦርፌዎስንና ክርስቶስን አነጻጽሮ ጽፏል። የኦርፌዎስ ዜማ ሰዎችን ወደ ጣዖት ስቧል፤ ቃለ እግዚአብሔር ግን ከአራዊት ሁሉ የከፋውን የሰውን ልብ ያለዝባል ሲል አስተማረ። እንግዲህ በካታኮምብ ያለው ሥዕል ለአረማዊው ዘማሪ የቀረበ ክብር ሳይሆን፣ የታወቀው ምሳሌ ወደ ክርስቶስ እንዲያመለክት የተደረገበት ነው።

የተረቱ ናፍቆት የሚፈጸመው በሥዕለ ትንሣኤ ነው። በቁስጥንጥንያ፣ በቀድሞው የኮራ ቤተ ክርስቲያን (ዛሬ መስጊድ ነው)፣ ከ1315 እስከ 1321 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሣለው ሥዕል ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ክርስቶስ ነጭ ልብስ ለብሶ በመካከል ቆሟል። ከእግሩ በታች የሲኦል ደጆች ተሰብረዋል፤ ቁልፎቹ ተበታትነዋል፤ ጠላትም ታስሯል። ክርስቶስ በቀኙ አዳምን፣ በግራው ሔዋንን ከመቃብር ያወጣል። በአገራችንም አዳምና ሔዋንን የሚያነሣው ክርስቶስ በአብያተ ክርስቲያናት የሚታወቅ ሥዕል ነው።

3. እኛስ በሥዕሉ ውስጥ የት ነን?

ተረት ሲነበብልን ራሳችንን በጀግናው ስፍራ እናስቀምጣለን። በሥዕለ ትንሣኤ ግን ያ ስፍራ ተይዟል፤ የእኛ ስፍራ የአዳምና የሔዋን ነው። ክርስቶስ የያዘው የእጃቸውን አንጓ መሆኑን እናስተውል። መዳፍ ለመዳፍ የተያያዙ ሰዎች ሁለቱም ይጨብጣሉ፤ አንጓው የተያዘ ግን በያዘው ኃይል ይነሣል። ጸጋ ማለት ይህ ነው። መነሣታችን እሺ ማለታችንን ይሻል፤ ብርታቱ ግን የእርሱ ነው።

እግዚአብሔር በገነት የተሸሸገውን አዳምን ወዴት እንዳለ ጠየቀው (ዘፍ. 3፥9)። በቅዳሜ ስዑር ደግሞ እስከ ሲኦል ወርዶ ፈለገው (1ጴጥ. 3፥19)። ክርስቲያን ራሱን የሚያውቀው ተፈልጎ የተገኘ መሆኑን ሲያውቅ ነው። ሐዘን የጸናበት፣ ኃጢአቱም ያሳፈረው ወንድማችን «ውረድና ራስህን ፈልግ» ከሚለው ምክር ይልቅ፣ ጌታ ወዳለበት ጥልቅ አስቀድሞ እንደ ወረደ መስማት ያስፈልገዋል።

ለመወያያ

ሀ. በቁምስናችን ባለው ሥዕለ ትንሣኤ የክርስቶስ እጅ ምን ያደርጋል?
ለ. ኦርፌዎስ ባዶ እጁን የተመለሰው፣ ክርስቶስ ግን አዳምን ይዞ የተነሣው ስለ ምንድን ነው?
ሐ. በራሳችን ብርታት ልንወጣው የምንታገለው ጥልቅ የትኛው ነው?